«ዕድሜ ነው» ከማለት በፊት፦ ለአረጋውያን የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሚሠለጥነው እንዴት ነው?

አንድ የ76 ዓመት አዛውንት ሐኪም ዘንድ ቀርበው «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ምግብ አያሰኘኝም፣ ሰው ማየትም አስጠልቶኛል» ቢሉ ምን መልስ የሚያገኙ ይመስላችኋል? ብዙ ጊዜ «አባባ፣ ዕድሜ እኮ ነው» የሚል ነው። ያንኑ ቅሬታ የ30 ዓመት ሰው ቢያቀርበው ነገሩ ይለያል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠየቃል። ደሙ ይመረመራል። ስለ ሥራው፣ ስለ ኑሮውና ስለ ስሜቱ ይወራል። ምናልባትም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይላካል።

ለአረጋውያን የአእምሮ ጤና ባለሙያ የማሠልጠን ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው። ድብርት ምን እንደሆነ ጨርሶ የማያውቅ ሐኪም ወይም ነርስ የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ አረጋዊ ሰው ፊቱ ሲቀመጥ ያንን እውቀት ሳይጠቀምበት መቅረቱ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሥልጠና አዲስ እውቀት ከመጨመሩ በፊት «ዕድሜ ነው» የሚለውን መልስ ከባለሙያው አፍ ማስጣል አለበት። የማያውቁትን ማስተማር ይቀላል። አውቀዋለሁ ብለው የያዙትን ማስጣል ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች 14 በመቶ ያህሉ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። በብዛት የሚታዩት ድብርትና ጭንቀት ናቸው። በ2030 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከዓለም ሕዝብ ከስድስት ሰው አንዱ 60 ዓመት የሞላው ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። እንግዲህ አብዛኛው የጤና ባለሙያ፣ የሕፃናት ሐኪም ካልሆነ በስተቀር፣ ወደደም ጠላም የአረጋውያን ባለሙያ መሆኑ አይቀርም።

ያን 14 በመቶ ገልብጣችሁም እዩት። ከመቶ አረጋውያን 86 ገደማ የሚሆኑት የአእምሮ ሕመም የለባቸውም። ብዙዎቹ የትዳር ጓደኛ ቀብረዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ጓደኞቻቸው ሳስተዋል። ሆኖም አልታመሙም። ድብርት የእርጅና ዕጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር እንዲህ አይሆንም ነበር። ከአሠልጣኝ አፍ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ነገር ይህ ይመስለኛል።

አመለካከቱ በሙያው ውስጥም አለ

«ሽማግሌ አይለወጥም» የሚለውን እምነት የመንገድ ወሬ ብቻ አድርገን ማለፍ አይገባም። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1904 ለሐኪሞች ባደረገው ንግግር፣ ዕድሜያቸው ወደ 50 የተጠጋ ወይም ያለፈ ሰዎች አእምሯቸው የመለወጥ አቅም ስለሚያንሰው በእሱ የሕክምና ዘዴ ብዙም አይጠቀሙም ብሎ ነበር። ያን ሲል እሱ ራሱ 48 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላም ከ30 ዓመት በላይ ሠርቷል፤ የራሱንም ሐሳብ ደጋግሞ ለውጧል።

ዛሬ ማስረጃው ወደ ሌላ ያመለክታል። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና፣ ማለትም ጎጂ ሐሳብንና ልማድን በንግግርና በልምምድ የሚለውጠው፣ ለአረጋውያንም ይሠራል። ችግርን በደረጃ መፍታት ላይ ያተኮረው ሕክምናም እንደዚያው። ያለፈ ሕይወትን መለስ ብሎ በማየት የሚሰጥ ሕክምናም አለ። የዚህ የመጨረሻው መነሻ ሐሳብ የሮበርት በትለር ነው። እኚህ አሜሪካዊ ሳይካትሪስት በ1963 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አረጋውያን ስለ ድሮ ደጋግመው ማውራታቸው የመጃጀት ምልክት እንዳልሆነ ተከራከሩ። ሰው ከሕይወቱ ጋር የሚታረቅበት ሥራ ነው አሉ። ሰዎችን በዕድሜያቸው ምክንያት የመናቅና የማግለል ነገር ከዘረኝነት ጋር የሚመሳሰል አድልዎ መሆኑንም በ1969 በይፋ ያነሡት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ዘመናችን ጠጋ እንበል። በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለሐኪሞች አንድ ዓይነት የሕመም ታሪክ በጽሑፍ አቀረበ። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ፣ ድብርት የያዘው ሰው ታሪክ ነው። ለአንዳንዶቹ ሐኪሞች ታካሚው ሥራ ላይ ያለ ጎልማሳ ተደርጎ ቀረበ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ጡረታ የወጣ አዛውንት። ሐኪሞቹ የሁለቱንም ድብርትና አደጋ በትክክል ለይተዋል። ልዩነቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። አዛውንቱን ለማከም የነበራቸው ፈቃደኝነት አነሰ። ራስን የማጥፋቱን ሐሳብም በእሳቸው ዕድሜ «የሚጠበቅ» አድርገው የማየት ዝንባሌ ታየባቸው።

ልብ በሉ፤ የእውቀት ጉድለት አልነበረም። ሕመሙን አይተውታል። ስለ ድብርት ምልክቶች ሌላ ገለጻ ብትደረድሩላቸው ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኞች ይህንኑ ዘዴ ክፍል ውስጥ ይጠቀሙበታል። ለግማሹ ሠልጣኝ የ45 ዓመት ታካሚ፣ ለግማሹ የ80 ዓመት ታካሚ ይሰጣል። የቀረው ታሪክ ቃል በቃል አንድ ነው። እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ ይጽፋል። ከዚያ መልሶቹ ጎን ለጎን ይነበባሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ማንም ማንንም መስበክ አያስፈልገውም።

ሌላው ጠቃሚ ነገር ጤነኛ አረጋውያንን ወደ ሥልጠናው ማምጣት ነው፤ እንደ ታካሚ ሳይሆን እንደ አስተማሪ። ሆስፒታል የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የታመሙ አረጋውያንን ነው። ስለዚህ ሁሉም እንደዚያ ይመስሉታል። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው የሚሠሩ፣ የሚማሩ፣ የሚሟገቱ ሰዎችን ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ግምቱ ይናጋል። አንዳንድ ቦታ ዕይታን የሚያደበዝዝ መነጽርና እንቅስቃሴን የሚያከብድ ልብስ አልብሶ «እርጅናን ቅመሱት» የማለት ልማድ አለ። ለአሥር ደቂቃ ክፋት የለውም። ብቻውን ከቀረበ ግን የሚያተርፈው «ውይ፣ እርጅና ክፉ ነው» የሚል ሐዘኔታ ነው። ሐዘኔታ ደግሞ ወደዚያው ወደ «ዕድሜ ነው» ይመልሰናል።

ሦስቱ የሚምታቱ ነገሮች

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ80 ዓመት እናት ናቸው። ዝም ብለዋል። ምግብ አይበሉም። የጠየቋቸውን በቅጡ አይመልሱም። የልጃቸውንም ስም ስተዋል። ምን ሆነው ነው?

ሦስት ነገሮች አሉ፤ ድብርት፣ የመርሳት በሽታ እና ዴሊሪየም። ዴሊሪየም የሚባለው በአካል ሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት አእምሮ በድንገት ሲዛባ ነው። ሦስቱን የሚለየው የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከመቼ ጀምሮ?»

ልጃቸው «እስከ ትናንት ወዲያ ደህና ነበሩ» ካለ ነገሩ አስቸኳይ ነው። የሽንት ቱቦ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት፣ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት ወይም መጠጥ፣ የሽንት መታገድ፣ ከባድ የሆድ ድርቀት፣ ያልታከመ ሕመም፣ ቀዶ ሕክምና፤ ሁሉም ዴሊሪየም ያመጣሉ። ብዙ ሰው ዴሊሪየም ሲባል የሚታየው የሚጮህ፣ የሚወራጭ፣ የሌለ ነገር አየሁ የሚል በሽተኛ ነው። ያ ዓይነት አያመልጥም፤ ጩኸቱ ራሱ ሐኪም ይጠራል። የሚያመልጠው ዝምተኛው ነው። ፈዞ ይተኛል። አያስቸግርም። «ከፍቷቸው ነው» ወይም «ደክሟቸው ነው» ተብሎ ይታለፋል። የሰው ሕይወት የሚያልፍበት ስህተት ይህ ነው።

ለዚህ ቀላል መለያ አለ። አሜሪካዊቷ ሐኪም ሻሮን ኢኖዬ እና ባልደረቦቿ በ1990 ያሳተሙት ዘዴ አራት ነገሮችን ያያል። አንደኛ፣ በድንገት ጀምሯል ወይ፣ ከፍ ዝቅስ ይላል? ሁለተኛ፣ ትኩረት ተስኗቸዋል? ሦስተኛ፣ ንግግራቸው ተዘበራርቋል? አራተኛ፣ ንቃታቸው ከወትሮው ተለይቷል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኖረው ከኋለኞቹ አንዱ ከተጨመረ ዴሊሪየም ተብሎ ይያዛል። ትኩረትን ለመፈተን የሳምንቱን ቀናት ወይም የዓመቱን ወራት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ መጠየቅ ይቻላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህ ሳይካትሪስት መሆን አያስፈልግም፤ የምሽት ተረኛ ነርስ ልታደርገው ትችላለች።

ድብርት አመጣጡ በሳምንታት ወይም በወራት ነው። በአረጋውያን ላይ ደግሞ ተደብቆ ይመጣል። «አዝኛለሁ» የሚል ቃል ላይሰማ ይችላል። የሚሰማው ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ሆድ፣ ስለ ድካም፣ ስለ እንቅልፍ ነው። ሐኪሙ ሆዱን ሲመረምር፣ ወገቡን ሲያነሣ ዓመት ይሞላል። መፍትሔው የሚወዱት ነገር ምን እንደነበረ ጠይቆ አሁንም ያስደስታቸው እንደሆነ ማየት ነው።

የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይገባል። ብዙ ጊዜ ድብርት የያዘው ሰው «ማስታወስ አቃተኝ» ብሎ ራሱ ያማርራል፤ ሲፈተንም «አላውቅም፣ ተወኝ» ይላል። የመርሳት በሽታ የጀመረው ሰው ግን ይሸፍነዋል፤ ምክንያት ይደረድርለታል። ቀድሞ የሚጨነቀው ቤተሰቡ ነው።

ሠልጣኞች ይህን በሰንጠረዥ ማየት ይወዳሉ። ሰንጠረዡ ለፈተና ጥሩ ነው። እውነተኛው ሰው ግን ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከማንም በላይ ለዴሊሪየም የተጋለጡ ናቸው። ድብርትም ይይዛቸዋል። በስተእርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ድብርት አንዳንዴ የመርሳት በሽታ መቅድም ይሆናል። ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ሥልጠናው መልስ ከማስሸምደድ ይልቅ የጥያቄን ቅደም ተከተል ማስለመድ አለበት፦ መጀመሪያ ድንገተኛውን ማስወገድ፣ ቀጥሎ ሊታከም የሚችለውን መፈለግ፣ የመርሳት በሽታ የሚለውን ስም መጨረሻ ላይ መስጠት።

መጠይቆችም አሉ። ለአረጋውያን ድብርት ተብሎ በ1980ዎቹ የተዘጋጀው መለኪያ አጭሩ ቅጂ 15 ጥያቄዎች አሉት፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው። የሚገርመው ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት አይጠይቅም። ሆን ተብሎ ነው። በዚያ ዕድሜ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጉልበቱን አሞት ሊሆን ይችላላ! የማስታወስ ችሎታን የሚለኩት ፈተናዎች ግን ሌላ ወጥመድ አላቸው። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ሳይታመም ዝቅተኛ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል። ጥያቄውን ያልሰማ ሰውም እንደዚያው። የመስሚያ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ «አእምሯቸው ደክሟል» የተባለላቸው ስንት ሰዎች ይኖሩ ይሆን?

መድኃኒቱ ራሱ ሲያምስ

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ዋናው ነጥብ አንድ ነውና። አረጋዊ ሰው አዲስ የአእምሮ ምልክት ካሳየ ባለሙያው መጀመሪያ ማየት ያለበት የመድኃኒት ከረጢቱን ነው። በሐኪም የታዘዘው፣ ከመደብር ያለ ማዘዣ የተገዛው፣ ከጎረቤት የመጣው፣ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ዲያዜፓምን የመሰሉ ማረጋጊያዎች ለመውደቅና ለመደናገር ያጋልጣሉ። እንደ ዳይፈንሃይድራሚን ያሉ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶችና አሚትሪፕቲሊን ትውስታን ያደበዝዛሉ። በብዛት የሚታዘዙት የድብርት መድኃኒቶች በአረጋውያን ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ያ ደግሞ ራሱ ያደናግራል። ማርክ ቢርስ የተባሉ ሐኪም ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር በ1991 ካወጡ ወዲህ ዝርዝሩ በየጊዜው ይታደሳል። ፋርማሲስቱ የሥልጠናው አካል መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

«በትንሹ ጀምር፣ ቀስ ብለህ ጨምር» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። «ጨምር» የሚለውን ግን ብዙው ይረሳዋል። ሕመሙን ሊነካ በማይችል መጠን ተጀምሮ፣ እዚያው ላይ ለወራት ተትቶ፣ «መድኃኒቱ አልሠራም» የተባለባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ንግግር የሚለመድ ሥራ ነው

«እስኪ አፋችንን እንክፈት።» «ጎሽ! አሁን መድኃኒታችንን እንዋጥ።» የ82 ዓመት ሰው፣ ምናልባትም የቀድሞ ዳኛ ወይም መምህር፣ እንዲህ ይባላሉ። ተናጋሪዋ ክፋት የላትም፤ በፍቅር ነው የምታወራው። ሰሚው ግን የሚሰሙት «አንተ ሕፃን ነህ» የሚል መልእክት ነው።

ይህን በቁም ነገር ያጠኑ አሉ። አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ክሪስቲን ዊሊያምስ በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት ውስጥ የሠራተኞችንና የነዋሪዎችን ንግግር በቪዲዮ ቀርጻ ተነተነች። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ነዋሪዎች እንደ ልጅ ሲናገሯቸው እንክብካቤውን የበለጠ ይቃወማሉ፤ ይገፋሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይጮኻሉ። ከዚያ ለሠራተኞቹ ሥልጠና አዘጋጀች፤ የአንድ አንድ ሰዓት ሦስት ክፍለ ጊዜ ብቻ። በቪዲዮ የተቀረጹ ንግግሮችን እያዩ ይወያያሉ፤ አነጋገሩን እየለወጡ ይለማመዳሉ። ከሥልጠናው በኋላ እንደ ልጅ የመናገሩ ልማድ ቀነሰ፤ የነዋሪዎቹም ተቃውሞ አብሮ ቀነሰ። እኔን የሚያስደንቀኝ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ሥልጠና ረጅም ስለሆነ አይደለም የሚሠራው። አንድ የሚታይ ነገር መርጦ እሱን ሲለውጥ ነው።

ቀጥሎ ቤተሰብ አለ። ልጅ እናቱን ይዞ ይመጣል፤ ሐኪሙ ልጁን ያያል፤ «ይበላሉ? ይተኛሉ?» ይለዋል። እናት መሃል ተቀምጠው የሌሉ ያህል ይወራባቸዋል። ሠልጣኝ መጀመሪያ ታካሚዋን ማናገርን፣ ቀጥሎ የቤተሰቡን መስማትን፣ ከዚያም ለጥቂት ደቂቃ ከታካሚዋ ጋር ብቻ መቅረትን መልመድ አለበት። ብቻ መቅረቱ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት አረጋውያን አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት በደል እንደሚደርስበት ይገልጻል፤ ስድብ፣ ችላ መባል፣ ገንዘብ መቀማት፣ መመታት። በዳዩ አጠገባቸው ተቀምጦ ማን ይናገራል?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ደግሞ ራስን ስለ ማጥፋት ነው። በአብዛኛው የዓለም ክፍል ራስን የማጥፋት መጠን ከፍ የሚለው 70 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ዘንድ ነው። ጥናቶች እንዳሳዩት ራሳቸውን ካጠፉ አረጋውያን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከመሞታቸው በፊት በነበረው አንድ ወር ውስጥ ሐኪም ጋ ሄደው ነበር። ማለትም ዕድሉ ነበረ። አልተጠየቁም።

የማይጠየቁት ባለሙያው ስለሚፈራ ነው። «ብጠይቅ ሐሳቡን ባስገባባቸውስ?» ይላል። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያስገባ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ይልቁንም ሰዎች የሚያወሩት ሰው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል። ይህን ማወቅ ግን አይበቃም፤ አፍ መልመድ አለበት። ሠልጣኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ጥያቄውን ጮክ ብለው ይበሉት፦ «እንዲህ ሲከፋዎት ሕይወትዎን ስለ ማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» የመጀመሪያው ጊዜ ምላስ ይተሳሰራል። አምስተኛው ላይ ድምፁ ይረጋጋል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። አረጋዊ ሰው ስለ ሞት ማውራቱ በራሱ አደጋ አይደለም። «ጊዜዬ ሲደርስ በሰላም ቢወስደኝ» የሚል ሰው ከሕይወቱ ጋር የታረቀ ሊሆን ይችላል። «ለሁሉም ሸክም ሆኛለሁ፣ ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚል፣ ክኒን የሚያጠራቅም፣ ንብረቱን በድንገት የሚያከፋፍል ሰው ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን አይተውም፤ ሊጎዳበት የሚችለው ነገር ከአጠገቡ ይነሣል፤ ልዩ ባለሙያ ዘንድም ያኔውኑ ይደርሳል። የነገ ቀጠሮ አይበቃውም።

ታዲያ ማን ይሠልጥን?

ብዙ ሰው መልሱ «የአረጋውያን ሳይካትሪስቶችን ማብዛት» ይመስለዋል። ቢበዙ ጥሩ ነበር። ግን ሀብታሞቹ አገሮች እንኳ አልቻሉበትም። አብዛኛው አረጋዊም ከሳይካትሪስት ደጅ አይደርስም። የሚደርሰው ከጠቅላላ ሐኪሙ፣ ከነርሷ፣ ከፋርማሲስቱ፣ ከሶሻል ወርከሩና ቤት መጥቶ ከሚንከባከበው ሰው ነው። ስለዚህ ገንዘቡም ጊዜውም በብዛት እዚያ መፍሰስ አለበት ባይ ነኝ።

ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። በ2002 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ድብርት ያለባቸው 1801 ሰዎችን አሳተፈ። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። ለቀሩት ደግሞ እዚያው ጠቅላላ ክሊኒኩ ውስጥ አንድ የሠለጠነ ነርስ ወይም ሥነ ልቦና ባለሙያ ተመደበላቸው። ይህ ሰው ይከታተላቸዋል፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ያያል፣ ችግርን በደረጃ የመፍታት አጭር ሕክምና ይሰጣል። ሳይካትሪስቱ ከኋላ ሆኖ ያማክረዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ የድብርት ምልክታቸው በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው በዚህኛው ቡድን 45 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው ሕክምና 19 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በሕንድ ጎዋ የተደረገውና በ2019 የታተመው ሙከራ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ብሎ ጀመረ። የጤና ሙያ የሌላቸው ተራ ሰዎች ሠለጠኑ። የድብርት ምልክት የጀመራቸውን አረጋውያን ችግራቸውን ከፋፍለው እንዲፈቱ፣ እንቅልፋቸውን እንዲያስተካክሉ፣ የስኳር ሕመምን የመሰለ ነገር ካለባቸው እንዲከታተሉ፣ የሚገባቸውን ማኅበራዊ ድጋፍ እንዲያገኙ አገዙ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ከባድ ድብርት የገቡት ከእነዚህ 4.4 በመቶ፣ ይህን ካላገኙት 14.4 በመቶ ገደማ ነበሩ። ተሳታፊዎቹ 181 ስለነበሩ ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

በዚምባብዌ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 ጀምሮ ያሠለጠኑት አያቶችን ነው። አያቶቹ ከክሊኒክ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ፣ ችግሩንም እንዲፈታ ያግዙታል። በ2016 የወጣው የሙከራ ውጤት ከስድስት ወር በኋላ የሰዎቹ ምልክት በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል። አረጋውያን እርዳታ ተቀባይ ብቻ ናቸው ብሎ የሚጀምር ሥልጠና ይህን ሀብት አያየውም።

ሦስቱን የሚያገናኛቸው ነገር ከሥልጠናው በኋላ ያለው ነው። ሁሉም ጋ በየጊዜው የሚያማክር፣ ሥራቸውን አይቶ የሚያርም ሰው ነበረ። እውነቱን ለመናገር በጣም የሚቀለው ነገር ሁለት ቀን አዳራሽ ተከራይቶ፣ ስላይድ አሳይቶ፣ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ መለያየት ነው። ሪፖርቱም ያምራል፤ «120 ባለሙያዎች ሠለጠኑ» ይላል። ሠልጣኙ ግን ሰኞ ጠዋት ሥራው ላይ ሲመለስ ወረፋው ያው፣ ቅጹ ያው፣ አለቃውም ያው ነው። ወር ሳይሞላ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ የሥልጠናውን ቀን በግማሽ ቀንሼ የተረፈውን ገንዘብ ለስድስት ወር በየሁለት ሳምንቱ ለሚደረግ ምክክር አውለው ነበር። በዚያ ምክክር ላይ ሠልጣኞች ያቃታቸውን ታካሚ ይዘው ይመጣሉ። ራሳቸውም ይተነፍሳሉ፤ በየወሩ የሚያውቁትን ሰው የሚቀብር ባለሙያ ሐዘኑን የሚያወርድበት ቦታ ያስፈልገዋል።

የሚጠቀሙበት ነገር ከየት ይምጣ ለሚል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ልዩ ሐኪም ላልሆኑ ባለሙያዎች በ2010 ያወጣውና በ2016 ያሻሻለው መመሪያ አለ። ድብርት፣ የመርሳት በሽታና ራስን የመጉዳት ጉዳይ ደረጃ በደረጃ ተቀምጠውበታል። ለሥነ ልቦና ባለሙያዎች ደግሞ በ2006 ኮሎራዶ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ የተነደፈ የሥልጠና ሞዴል አለ፤ አመለካከትን፣ እውቀትንና ክህሎትን ለየብቻ ያያል። ባለሙያው ራሱን ከጀማሪ እስከ ሊቅ ባለው ደረጃ የሚመዝንበት መሣሪያም ተሠርቶለታል።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

አብዛኛው ሥልጠና የሚለካው በመጨረሻው ቀን በሚሞላ ቅጽ ነው። «አሠልጣኙ እንዴት ነበር? ምሳውስ?» ዓይነት ነገር። ከዚያ ሻል ያለው የእውቀት ፈተና ነው። የ2000ውን ጥናት ካስታወሳችሁ ግን እውቀት ኖሮም ታካሚው ሳይታከም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መታየት ያለበት የታካሚ መዝገብ ነው።

ከሥልጠናው በፊት 50 መዝገብ ይውጣ፤ ከሦስት ወር በኋላም ሌላ 50። ሁሉም ዕድሜያቸው 65 የሞላ ታካሚዎች ይሁኑ። ስለ ስሜታቸው የተጠየቁት ስንቶቹ ናቸው? ድንገት ተደናግረው ከመጡት ውስጥ ትኩረታቸው የተፈተነው ስንቶቹ? የድብርት መድኃኒት ከተጀመረላቸው ውስጥ በአራተኛው ሳምንት ተመልሰው የታዩትስ? መጠኑ የተስተካከለላቸውስ? የእንቅልፍ ክኒን ይዘው የወጡት ቀነሱ ወይስ ጨመሩ? ይህን ለመቁጠር ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ሰው፣ እርሳስና አንድ ከሰዓት ይበቃል።